በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ዳርቻ ረግረግ ላይ ግንባታ ሲታቀድ፦ የአካባቢ ግምገማውን እንዴት መመርመርና አስተያየት ማቅረብ ይቻላል

በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ዳርቻ አይርቁም። ሆኖም በዳርቻው ረግረጋማ መሬት ላይ መኖሪያ ቤት፣ መጋዘን ወይም መንገድ እንዲሠራ ጥያቄ ሲቀርብ በሕጉ መሠረት የሚወጣውን የሕዝብ ማስታወቂያ አንብቦ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግድየለሽነት ብቻ አይመስለኝም። ሰነዶቹ ከነአባሪዎቻቸው እጅግ ረጃጅም ናቸው፣ ፈቃድ ሰጪዎቹ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ ሕግና የራሱ የቀን ገደብ አለው። ይህ መመሪያ ጠበቃም የሥነ ሕይወት ባለሙያም ያልሆነ ነዋሪ ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ ምንን በቅድሚያ ማየት፣ የትኛውን ምዕራፍ በጥንቃቄ ማንበብ፣ ደብዳቤውንም ለማን፣ መቼና እንዴት መጻፍ እንዳለበት ያሳያል። ባለመሬት ወይም አልሚ የሆነ አንባቢም ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። የዚህ ዓይነት ግምገማ በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ቢያነሳም ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ረግረጉ የሚያበቃው የት ላይ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግንባታው የግድ እዚያ መሆን አለበት ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ከተመለሱ በኋላ የሚቀረው ክርክር በአብዛኛው ጉዳቱ በምን ያህል ማካካሻ ይታለፍ የሚል የዋጋ ድርድር ነው። ስለዚህ ጊዜውና ጉልበቱ የተወሰነ አንባቢ እነዚህን ሁለቱን አጥብቆ ይያዝ።

ቦታው ለምን የራሱ ሕግ አስፈለገው

የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞች ይዘውት የሚመጡት ጣፋጭ ውኃ ከፓስፊክ ውቅያኖስ በጎልደን ጌት በኩል ከሚገባው ጨዋማ ውኃ ጋር የሚቀላቀለው በዚህ ወሽመጥ ውስጥ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ የሚያጥበው ረግረግ በጥንት ጊዜ 190,000 ኤከር ያህል ይሸፍን ነበር። ለጨው ማምረቻ ገንዳ፣ ለእርሻ፣ ለቆሻሻ መጣያ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያና ለመኖሪያ ሰፈር እየተገደበና እየተሞላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቀረው 40,000 ኤከር አካባቢ ነበር። የአካባቢው ሳይንቲስቶችም በ1999 ይህን ወደ 100,000 ኤከር የመመለስ ግብ አስቀምጠዋል።

ሙሌቱ እንዲገታ ያደረገው እንቅስቃሴ የተጀመረው በ1961 ሲሆን፣ ያስጀመሩትም በበርክሊ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ካትሪን ኬር፣ ሲልቪያ ማክላውሊንና አስቴር ጉሊክ ናቸው። ሦስቱም ባለሥልጣን አልነበሩም። ጥረታቸው በ1965 የማካቲር ፔትሪስ ሕግ የተባለውን የስቴት ሕግና በተለምዶ ቢሲዲሲ የሚባለውን የቤዩን ጥበቃና ልማት ኮሚሽን አስገኝቷል። ዛሬ አንድ ነዋሪ በአንድ ኤከር ረግረግ ላይ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ሊከራከር የሚችለው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ቀኑን ይያዙ

ማስታወቂያ ሲደርስዎ ከይዘቱ በፊት የአስተያየት መዝጊያውን ቀን ይመልከቱ። ሲኳ በሚል አጠራር የሚታወቀውና በ1970 የወጣው የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥራት ሕግ፣ ከተማው ወይም ካውንቲው ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ሪፖርት ሊያዘጋጅ ሲወስን በቅድሚያ የዝግጅት ማስታወቂያ አውጥቶ ለ30 ቀናት አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። ረቂቁ ሲጠናቀቅ የስቴት መሥሪያ ቤቶችን ጭምር የሚመለከት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለ45 ቀናት ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ ረግረግን የሚነካ ዕቅድ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። የፌዴራሉ ማስታወቂያ ግን በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ቀናት ብቻ ይሰጣል። ከተማው ዕቅዱን አጽድቆ የውሳኔ ማስታወቂያውን ካስመዘገበ በኋላ በሲኳ መሠረት ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳ አቤቱታ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ብዙ ሰው የሚነቃው ረቂቁ ሪፖርት ሲወጣ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያው የ30 ቀን ማስታወቂያ የበለጠ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የትኞቹ አማራጮች እንደሚጠኑ፣ የመስክ ጥናቱ በየትኛው ወቅት እንደሚካሄድና የጥናቱ ክልል የት ድረስ እንደሚደርስ ገና አልተቆረጠም። በዚህ ደረጃ የምትላክ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ጥናቱ ካለቀና ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ከሚላክ ሃያ ገጽ ይልቅ ሰነዱን ልትለውጥ ትችላለች። የስቴቱ ማስታወቂያዎች ሲኳኔት በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚገኙ በከተማዎ ስም መፈለግና እያንዳንዱ ዕቅድ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር መዝግቦ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ማስፈር ይገባል። ለፌዴራሉ ማስታወቂያ ደግሞ በውኃና በረግረግ ውስጥ ለሚደረግ ሙሌት የፌዴራል ፈቃድ የሚሰጠውን የጦር ሠራዊቱን የመሐንዲሶች ጓድ የሳን ፍራንሲስኮ ቅርንጫፍ ድረ ገጽ ይከታተሉ።

ማን ምን ይወስናል

የኢትዮጵያን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጋ አንድ ልዩነት ልብ ይበል። በአዋጁ መሠረት ጥናቱን የሚያስጠናውና ሪፖርቱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሪፖርቱ የሚወጣው መሪ ተቋም በሚባለው አካል፣ አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ወይም በካውንቲው ስም ነው፤ አማካሪ ድርጅቱ የሚከፈለው ከአልሚው ኪስ ቢሆንም ለይዘቱ ተጠያቂው ከተማው ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎን ለአማካሪው ወይም ለአልሚው ሳይሆን በማስታወቂያው ላይ ስሙ ለተጻፈው የከተማው የፕላን ባለሙያ ይላኩ።

ከከተማው ውሳኔ ቀጥሎ የፈቃድ ሰጪዎቹ ተራ ይመጣል። የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ በሁለት ሕጎች ይሠራል፤ በ1899 የወጣው የወንዞችና የወደቦች ሕግ አንቀጽ 10 መርከብ በሚሄድበት ውኃ ውስጥ የሚሠራን ማንኛውንም ግንባታ ሲመለከት፣ የ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ አንቀጽ 404 በውኃና በረግረግ ውስጥ አፈር ወይም ደለል መሙላትን ይመለከታል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአንቀጽ 404 የሚሰጥ ፈቃድን የማገድ ሥልጣን አለው፤ የሚጠቀምበት ግን ከስንት አንዴ ነው። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 401 መሠረት ስቴቱ ዕቅዱ የውኃ ጥራት ደረጃን እንደሚያሟላ ካላረጋገጠ ወይም ይህን መብቱን ካልተወ የፌዴራሉ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ይህን የሚወስነው የሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ክልል የውኃ ጥራት ቁጥጥር ቦርድ ነው።

ቢሲዲሲ ሥልጣኑ የሚዘልቀው የባሕሩ ውኃ እስከሚደርስበት፣ ረግረግ ባለበት ደግሞ ከአማካይ የባሕር ጠለል እስከ 5 ጫማ ከፍታ ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ የብስ 100 ጫማ ስፋት ያለው የዳርቻ ቀበቶም ይጨመርበታል። ኮሚሽኑ 27 አባላት አሉት፤ ዋና ፈቃድ ለመስጠት 13 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በስብሰባው ላይ በተገኙት ልክ የማይቀንስ በመሆኑ የቀረ አባል ሁሉ እንደ ተቃውሞ ይቆጠራል ማለት ነው። አንድን ሙሌት ለመፍቀድ ኮሚሽኑ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ በግልጽ እንደሚበልጥ፣ አገልግሎቱ ከውኃ ጋር የተያያዘ እንደ ወደብ፣ ድልድይ ወይም የውኃ ዳር መዝናኛ ያለ መሆኑን ወይም የዳርቻውን ገጽታና የሕዝብ መተላለፊያ ለማሻሻል የሚደረግ አነስተኛ ሙሌት መሆኑን፣ በየብስ ላይ አማራጭ ቦታ አለመኖሩንና የሙሌቱ መጠን ከሚያስፈልገው አለመብለጡን ማረጋገጥ አለበት። መኖሪያ ቤት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሆኖም በ100 ጫማው ቀበቶ ላይ ሥልጣኑ ጠባብ ነው፤ እዚያ በዋናነት የሚጠይቀው ለሕዝብ የሚቻለው ሁሉ መተላለፊያ መሰጠቱን ነው። ስለዚህ ለቢሲዲሲ ከመጻፍዎ በፊት ግንባታው የሚያርፈው በየትኛው ክልል ላይ እንደሆነ በካርታ ይለዩ።

ብርቅዬ እንስሳትን በሚመለከት የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት፣ የብሔራዊ የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎትና የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መምሪያ አሉ። ከጎልደን ጌት ውጪ ባለው የውቅያኖስ ጠረፍ ደግሞ ሥልጣኑ የቢሲዲሲ ሳይሆን የካሊፎርኒያ የጠረፍ ኮሚሽን ነው። አነስተኛ ግንባታዎች የሚያልፉባቸው አገር አቀፍ ፈቃዶች የሚባሉ አጫጭር የፌዴራል መንገዶችም አሉ፤ ለመኖሪያ ቤትና ለንግድ ሕንፃ የተዘጋጁት ቁጥር 29 እና ቁጥር 39 ግን የባሕር ሙላት በሚደርስበት ውኃና በእሱ አጠገብ ባለ ረግረግ ላይ አይሠሩም።

ረግረጉ የሚያበቃው የት ነው

ሪፖርቱ ሲከፈት ሰው ሁሉ ማጠቃለያውን ያነባል። እኔ የምመክረው ከአባሪዎቹ መጀመርን ነው፤ በተለይ የረግረግ ወሰን ጥናት ከሚባለው። ሕጉ ሁሉ የሚሠራው በዚህ መስመር ውስጥ ስለሆነ፣ መስመሩ ሃምሳ ሜትር ወደ ባሕሩ ከተገፋ ቀሪው ሰነድ ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግበት ዋጋ የለውም።

የመሐንዲሶች ጓዱ ከ1987 ጀምሮ በሚጠቀምበት መመሪያ መሠረት አንድ መሬት ረግረግ ለመባል በመደበኛ ሁኔታ ሦስት ምልክቶችን ማሟላት አለበት፤ ውኃ ወዳድ ዕፅዋት፣ ለረጅም ጊዜ በውኃ ተይዞ የቆየ አፈርና በዕድገት ወቅት መሬቱን የሚያርስ ውኃ። የጠረፍ ኮሚሽኑ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ መገኘቱ ይበቃዋል። የስቴቱ የውኃ ቦርድ ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው አሠራርም ዕፅዋት የሌለበትን ጭቃማ ዳርቻ እንኳ በረግረግነት ይቀበላል። ስለዚህ አንድ መሬት እንደ ጠያቂው መሥሪያ ቤት ረግረግ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ሪፖርቱ የፌዴራሉን መስመር ብቻ አሳይቶ የስቴቱን ከዘለለ ይህ ራሱ በቂ አስተያየት ነው።

ጉዳዩ ከ2023 ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሳኬት ውሳኔ የፌዴራሉ ሕግ የሚሸፍነው ከዋናው ውኃ ጋር ያልተቋረጠ የገጽ ግንኙነት ያለውን ረግረግ ብቻ ነው ብሏል። ባሕሩ በየቀኑ ገብቶ የሚወጣበት ረግረግ በዚህ አልተነካም፤ ከቤዩ በግድብ ተለይቶ የቆየ የቀድሞ ረግረግ ግን አከራካሪ ሆኗል፤ በቤዩ ዙሪያ ደግሞ እንዲህ ያለው መሬት ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ የስቴቱ ሕግ ብቻውን ሊቀር ስለሚችል፣ ለውኃ ቦርዱ የሚጻፈው ደብዳቤ ለፌዴራሉ ከሚጻፈው የበለጠ ሊመዝን ይችላል። በጁን 2025 የወጣው የስቴት ሕግም በከተሞች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ የመኖሪያ ቤት ዕቅዶችን ከሲኳ ግምገማ ነፃ ሲያደርግ ረግረግን ከዚህ ነፃነት አውጥቷል፤ ይኸውም አልሚው መሬቱ ረግረግ አይደለም እንዲባል የሚኖረውን ፍላጎት የበለጠ ከፍ አድርጎታል።

ታዲያ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይህን ጥናት እንዴት ይመረምረዋል? በመጀመሪያ የመስክ ሥራው የተካሄደበትን ቀን ይፈልጉ። የቤዩ አካባቢ ዝናብ በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የሚወርድ ስለሆነ በሴፕቴምበር ወይም በድርቅ ዓመት የተደረገ ጥናት ስለ ውኃው የሚነግረው ጥቂት ነው። በመቀጠል የናሙና ጉድጓዶቹ የተቆፈሩበትን ካርታ ይመልከቱ፤ ሁሉም በደረቁ ወገን ተሰብስበው ዝቅተኛው ስፍራ ባዶ ከቀረ ምክንያቱን ይጠይቁ። የጥናቱን ዕድሜም አይርሱ፤ የመሐንዲሶች ጓዱ በመሬቱ ላይ የሚሰጠው የሥልጣን ክልል ውሳኔ በአብዛኛው የሚጸናው ለ5 ዓመት ነው። ከዚህ በኋላ እርስዎ ራስዎ ወደ ቦታው ይሂዱ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ የሚልባቸው ቀናት አሉ፤ በዚያን ሰዓት ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ የተነሳ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የተመዘገበበት ፎቶግራፍ ደረቅ ነው በተባለ መሬት ላይ ውኃ ቆሞ ካሳየ አማካሪው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። ወደ ግል ይዞታ ግን አይግቡ።

ግንባታው የግድ እዚያ መሆን አለበት ወይ

በአንቀጽ 404 ሥር ያለው የፌዴራል መመሪያ በተግባር ሊሠራ ከሚችሉት አማራጮች መካከል በውኃ ሀብቱ ላይ ከሁሉ ያነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ካልሆነ በቀር ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። ዕቅዱ በባሕሪው ውኃ ዳር መሆን የማያስፈልገው ከሆነ፣ ለምሳሌ መኖሪያ ቤት ወይም መጋዘን ከሆነ፣ ረግረግ ያልሆነ አማራጭ ቦታ እንዳለ ሕጉ አስቀድሞ ይገምታል፤ የለም ብሎ በግልጽ ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው። አማራጭ ሲባል ዛሬ በአልሚው እጅ ያለ መሬት ብቻ አይደለም፤ በተገቢ ሁኔታ ሊገዛ ወይም ሊከራይ የሚችልም ይታያል። ወጪ፣ ቴክኖሎጂና የአሠራር ሁኔታ ግምት ውስጥ ይገባሉ፤ አልሚው የሚያገኘው ትርፍ ይቀንሳል ማለት ግን አማራጩ አይሠራም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ዘዴ አለ። የአማራጮች ምዕራፍ የሚወሰነው ከፊቱ ባለው የዓላማዎች ክፍል ነው፤ ዓላማው «በከተማው ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤቶችን ማቅረብ» ከሆነ ብዙ ቦታ አማራጭ ይሆናል፣ «በቤዩ ዳር፣ በዚህ ይዞታ ላይ፣ የውኃ እይታ ያላቸው ይህን ያህል ቤቶች መሥራት» ከሆነ ግን ከራሱ ከዕቅዱ በቀር የሚያሟላው የለም። ስለዚህ የዓላማዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አንብበው የትኛው የሕዝብ ፍላጎት፣ የትኛው የአልሚው ምርጫ እንደሆነ ይለዩ። ከዚያም የራስዎን አማራጭ ያቅርቡ። ጥሩ አማራጭ የሚባለው ስሙና አድራሻው ያለ ነው፤ የተዘጋ የገበያ ማዕከል፣ በከተማው የቤት ልማት ዕቅድ ውስጥ ለግንባታ የተመደበ ቦታ፣ ወይም በዚያው ይዞታ ላይ ቤቶቹን ወደ ደረቁ ጥግ ሰብስቦ ፎቁን ከፍ የሚያደርግ ንድፍ ሊሆን ይችላል። ቤት አይሠራ ከሚል ይልቅ ቤቱ እዚያ ይሠራ የሚል ደብዳቤ በኪራይ ውድነት በሚሰቃይ አካባቢ ሰሚ ያገኛል፤ በፍትሐዊነትም ቢሆን ትክክሉ ይህ ይመስለኛል።

እንስሳቱና ወቅቶቻቸው

የጨው ረግረግ አይጥ የምትባለው ትንሽ ፍጡር ከዚህ ወሽመጥ ረግረጎች በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም፤ ፒክልዊድ በተባለው ጨው ወዳድ ቅጠል ውስጥ ትኖራለች። ሪጅዌይ ሬይል የተባለው ወፍም ከእርሷ ጋር በፌዴራልም በስቴትም ሕግ የተጠበቀ ነው፤ የመራቢያ ወቅቱ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኦገስት 31 ተደርጎ ስለሚወሰድ በረግረጉ አጠገብ የሚካሄድ ከባድ ሥራ ከዚህ ጊዜ ውጪ እንዲሆን ፈቃዶች በተለምዶ ያዛሉ።

ብዙ ሪፖርቶች ረግረጉን ራሱን ሳይነኩ እስከ ጠርዙ ድረስ ቤት ስለደረደሩ ብቻ ጉዳት የለም ይላሉ። ይህ አባባል ከሁሉ በላይ መፈተሽ ያለበት ነው። ባሕሩ ከወትሮው በላይ ሲሞላ አይጧም ወፉም ረግረጉን ለቀው ከፍ ወዳለው ጠርዝ ይወጣሉ፤ ጠርዙ አጥር፣ መብራትና የቤት ድመት ያለበት ጓሮ ከሆነ መሸሸጊያ አጥተው ይበላሉ። ስለዚህ በረግረጉና በግንባታው መካከል የሚተወው ባዶ ቀጠና ስንት ጫማ እንደሆነ፣ መተላለፊያ መንገድ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ወይም መናፈሻ በዚያው ውስጥ ተቆጥሮ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ተቆጥሮ ከሆነ ቀጠናው በወረቀት ላይ ያለውን ስፋት የለውም።

የባሕር ጠለል መጨመርና የኒውአርክ ትምህርት

ከቤዩ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው የኒውአርክ ከተማ ምክር ቤት በ2019 ኤሪያ 4 በተባለው የዳርቻ መሬት ላይ 469 ቤቶች እንዲሠሩ አጽድቆ ነበር። ተቃዋሚዎች የባሕር ጠለል ከፍ ሲል ቤቶቹ ረግረጉ ወደ የብስ እንዳይሸሽ መንገዱን ይዘጉበታል ብለው ቢከራከሩም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2021 ለከተማው ፈርዷል። ዕቅዱ ከዓመታት በፊት ከጸደቀው፣ ስፔሲፊክ ፕላን ከሚባለው የአካባቢው የልማት ዕቅድና ከዚያው ሪፖርት ጋር የሚስማማ ነው ተባለ፤ ሲኳም በዋነኛነት የሚመረምረው ዕቅዱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን እንጂ አካባቢው በዕቅዱ ላይ የሚያደርሰውን አይደለም ተባለ።

ከዚህ ሁለት ነገር መያዝ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ግንባታው ገና በሩቅ እያለ የሚወጣው ስፔሲፊክ ፕላን የሚባለው ሰነድ ዋነኛው የትግል ስፍራ መሆኑ ነው፤ እሱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው የቦታ ክፍፍል ውሳኔ በአብዛኛው ከሙሉ ግምገማ ያመልጣል። ሁለተኛው፣ ክርክሩ የሚጻፍበት ቋንቋና የሚላክበት አድራሻ ነው። ለከተማው ሲጻፍ «ቤቶቹ በጎርፍ ይጠቃሉ» ከማለት ይልቅ «ቤቶቹን ለመጠበቅ የሚሠራው ግድብና ሙሌት ረግረጉን ያጠፋዋል፣ ይህም የዕቅዱ ውጤት ነው» ማለት ይሻላል። የጎርፉን ጉዳይ ደግሞ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለሚገኝ ግንባታ ለቢሲዲሲ ያቅርቡ፤ ኮሚሽኑ ትልልቅ ዕቅዶች የጎርፍ ሥጋት ግምገማ እንዲያቀርቡና እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የሚቋቋሙ፣ ከዚያ በኋላም ሊላመዱ የሚችሉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በ2024 የወጣው የስቴቱ መመሪያ በ2100 ለሚጠበቀው ጭማሪ በመካከለኛው ግምት 3.1 ጫማ፣ በመካከለኛ ከፍተኛው 4.9 ጫማ፣ በከፍተኛው 6.6 ጫማ ያስቀምጣል። ሪፖርቱ የትኛውን ዓመት መመሪያ፣ የትኛውንም ግምት እንደተጠቀመና ለምን እንደመረጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማካካሻው

የፌዴራሉ ቅደም ተከተል ጉዳትን ማስወገድ፣ ከዚያ መቀነስ፣ በመጨረሻም የቀረውን ማካካስ ነው፤ አማካሪዎች ግን ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ይጀምራሉ። ማካካሻ ሲቀርብ ቦታው የት እንደሆነ፣ ሥራው ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ስኬቱ በምን እንደሚለካ፣ ለስንት ዓመት ክትትል እንደሚደረግበት፣ ካልተሳካ ማን ከየትኛው ገንዘብ እንደሚያስተካክል ይጠይቁ። «ዝርዝሩ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጋር ወደፊት በምክክር ይወሰናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመለኪያ ጋር ካልተያያዘ በሲኳ ተቀባይነት የለውም፤ ባገኙበት ገጽ ሁሉ ያስምሩበት።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ

በሲኳ መሠረት ከተማው በአስተያየት ጊዜው ውስጥ ለተነሳ ለእያንዳንዱ ጉልህ የአካባቢ ጉዳይ በቅን ልቦናና በምክንያት የተደገፈ የጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ኋላ ክስ ቢመጣ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት በማንም ሰው የተነሳን ነጥብ ሲሆን፣ ከሳሹም ራሱ በጊዜው ተቃውሞውን ያሰማ መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ ነጥብ ማንሳት ምንም ወጪ የለውም፤ አለማንሳት ግን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

ነጥቦቹን ቁጥር ይስጧቸው፤ በእያንዳንዱም ገጹን፣ የተባለውን፣ የጎደለውንና እንዲደረግ የሚፈልጉትን ያስቀምጡ። «ይህ ዕቅድ ተፈጥሮን ያጠፋል» ለሚል ከተማው አስተያየቱ ተመዝግቧል ብሎ ያልፈዋል። «በባዮሎጂ አባሪው ላይ የወፍ ቆጠራው የተደረገው ከመራቢያው ወቅት ውጪ ነው፤ ቆጠራው በትክክለኛው ወቅት ተደግሞ ረቂቁ እንደገና ለሕዝብ ይቅረብ» ለሚል ግን መልስ መጻፍ ግድ ይሆንበታል። ስለ ትራፊክና ስለ ቤት ዋጋ ያለዎትን ቅሬታ ከዚህ ጋር አያደባልቁት። በብዙ ሰው የተፈረመ ተመሳሳይ ደብዳቤ የድምፅ ብዛት ያሳያል እንጂ የሚያስገድደው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በማኅበር የተሰባሰቡ ሰዎች ምዕራፎቹን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቢጽፉ የተሻለ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በሕዝብ ስብሰባ ላይ በአማርኛ መናገር የሚፈልግ ሰው ግን አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ።

የጎደለ ሰነድ ካለ በስቴቱ የሕዝብ መዛግብት ሕግ ከከተማው፣ በፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ከመሐንዲሶች ጓዱ መጠየቅ ይቻላል። የስቴቱ መሥሪያ ቤት መዝገቡን ይሰጥ እንደሆነ በመደበኛነት በ10 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ ሲኖርበት፣ ፌዴራሉ 20 የሥራ ቀናት አለው፤ ይህም ከአስተያየት ጊዜው ጋር ስለሚሻማ ጥያቄውን በመጀመሪያው ሳምንት ያስገቡ። ለመሐንዲሶች ጓዱ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ የሕዝብ ስብሰባ እንዲጠራ መጠየቅ ይቻላል፤ ምክንያቱ በዝርዝር ካልተገለጸ ግን ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ከውሳኔው በፊትና በኋላ

በስብሰባ ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ደብዳቤዎን አያንብቡ፤ አንድ ነጥብ፣ ቢቻል አንድ ፎቶግራፍ ይዘው ይቅረቡ። ቢሲዲሲ የተሟላ ማመልከቻ ከተመዘገበ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ መወሰን ስላለበት ማመልከቻው መቼ ተሟላ እንደተባለ ሠራተኞቹን መጠየቅ የስብሰባውን ጊዜ ለመገመት ይረዳል። ሪፖርቱ ከጸደቀና ክስ የሚያስፈልግ ከመሰለዎት በዚያው ሳምንት በሲኳ የሚሠራ ጠበቃ ያነጋግሩ፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ በምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሆን በማስታወቂያው መመዝገብ ስለሚጀምር የካውንቲውን መዝገብ ቤትና ሲኳኔትን በየቀኑ ይመልከቱ።

ፈቃዱ ከተሰጠም ሥራው አላበቃም። የፈቃዱን ቅጂ ከእነ ግዴታዎቹ ያግኙ፤ የሥራ ወቅቶቹን፣ የአጥሩን መስመርና የማካካሻውን የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ገጽ ላይ ለራስዎ አውጥተው ይያዙ። በተከለከለ ወር ቁፋሮ ካዩ ቀኑንና ሰዓቱን ከፎቶግራፉ ጋር ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሕግ ማስከበር ክፍል ይላኩ። የማካካሻ ቦታው የክትትል ሪፖርት በየዓመቱ ለመሥሪያ ቤቶቹ የሚገባ ከሆነ በሕዝብ መዛግብት ሕግ በየዓመቱ ይጠይቁት፤ የተተከለው ተክል የሸፈነውን ስፋት ፈቃዱ ካስቀመጠው መለኪያ ጋር ያስተያዩና ልዩነት ካለ ለውኃ ቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቁ።